ከባሕር ዳር የሚመለስ ሻንጣ፦ ለተመቸ በረራና ዕድሜ ላለው የጉዞ ማስታወሻ

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቅ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣትን የሚጠይቅና ቀኑን የሚፈጅ መንገድ ሲሆን፣ በአውሮፕላን ግን አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ለበረራው የተለየ ዝግጅት የሚያስፈልግ አይመስለውም። አብዛኛው እንግልት የሚመጣው ግን ከበረራው በፊትና በኋላ ነው፤ ሰዓቱ በትክክል ካልተነበበ ቲኬት፣ ከወንበር በላይ ካለው የዕቃ ማስቀመጫ ከማይገባ ሻንጣ፣ ይልቁንም በመመለሻው ቀን ማር፣ ጠበል፣ ሙዳይና የደንገል ታንኳ አንድ ላይ ታጭቀውበት አልዘጋ ካለ ቦርሳ። ስለዚህ የበረራን ምቾትና የማስታወሻ ዕቃ አሰባሰብን ለያይቶ ማሰብ አይጠቅምም። ወደ ባሕር ዳር ሲሄዱ ሻንጣውን ሲሶውን ባዶ አድርጎ መነሳት ለሁለቱም የመጀመሪያው መፍትሔ ነው።

ቲኬቱን ማንበብ

ቲኬት የሚታተመው በ24 ሰዓት አቆጣጠርና በፈረንጆች ቀን ነው። ወደ እኛ ሰዓት ለመመለስ 6 መቀነስ (ከ07:00 በፊት ከሆነ 6 መጨመር፣ ከ19:00 ጀምሮ ደግሞ 18 መቀነስ) ይበቃል፤ 14:30 የሚለው ከቀኑ 8:30 ነው። አደጋው ያለው 6 እና 12 ቁጥሮች ቦታ በሚለዋወጡበት ላይ ነው፦ 06:30 ተብሎ የታተመ በረራ የሚነሳው ከንጋቱ 12:30 ሲሆን፣ 12:30 ተብሎ የታተመው ደግሞ ከቀኑ 6:30 ነው። ከባሕር ዳር በቦሌ በኩል ወደ ውጭ አገር ለሚሻገር ሰው ሌላም ወጥመድ አለ። ሐሙስ 00:45 ተብሎ የተጻፈ በረራ የሚነሳው እኛ ረቡዕ ሌሊት በምንለው ጊዜ ከሌሊቱ 6:45 ላይ ስለሆነ፣ ሐሙስ ማታ ሻንጣውን እየጎተተ የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ቀኑን ሙሉ ሆኖታል። ወላጆቻቸውን በአየር የሚልኩ ልጆች ቀኑንና ሰዓቱን በእኛም በፈረንጆችም አቆጣጠር በአንድ ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፈው ቢሰጧቸው መልካም ነው። ጉልበት ለሚያማቸው ወይም ረጅም መንገድ መራመድ ለማይችሉ አረጋውያን የተሽከርካሪ ወንበር አገልግሎት የሚጠየቀው ቲኬቱ ሲቆረጥ እንጂ በጉዞው ቀን በር ላይ መሆን የለበትም።

ምርጫ ካለ የጠዋቱን በረራ መውሰድ ይሻላል። በተለይ በክረምት ወራት መሬቱ በፀሐይ ሲሞቅ ከቀትር በኋላ ደመናው ወደ ላይ እየተቆለለ ስለሚሄድ፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሱ በረራዎች የመናጥ ዕድላቸው ከጠዋቶቹ ይበልጣል።

ወንበርና ጆሮ

በአገር ውስጥ መስመሮች ከሚያገለግሉት አውሮፕላኖች አንዱ ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ነው። ወንበሮቹ በመተላለፊያው ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ሆነው የተደረደሩ ስለሆኑ መሐል ተጨናንቆ የሚቀመጥ ሰው የለም። ክንፉ ከመስኮቶቹ በላይ በመሆኑም ቁልቁል ሲያዩ መሬቱ በክንፉ አይከለልም። ድምፅና ንዝረት የሚያስቸግረው ሰው ከፕሮፔለሩ አጠገብ ካሉት መስመሮች ራቅ ብሎ ወደ ኋላ ቢቀመጥ ይሻለዋል። ከወንበር በላይ ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ግን ጠባብ ነው፤ ጠንካራና ባለ ጎማ ሻንጣ በዚያ አይገባም፣ ለስላሳ የጨርቅ ቦርሳ ግን ተጣጥፎ ይገባል።

የመስኮት ወንበር ለሚመርጥ ሰው በግራ በኩል ያለውን እመክራለሁ። አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ስለሚበር የጠዋት ፀሐይ የምታርፈው በቀኝ በኩል ነው፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲመለስም ፀሐይዋ በምዕራብ ስለምትሆን አሁንም ቀኙን ትመታለች። ስለዚህ በጠዋት ሄዶ ከሰዓት በኋላ ለሚመለስ ሰው በሁለቱም ጉዞ ግራው ጥላ ነው። የዓባይን ሸለቆ ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ ሰው መስታወቱ ስለማያንጸባርቅበት ልፋቱ ይቀልለታል።

የጆሮ ሕመም ብዙ ሰው ከሚያስበው በተቃራኒ ወደ ባሕር ዳር በሚደረገው በረራ ቀላል ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ፣ ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። አውሮፕላን በከፍታ ሲበር በመንገደኞች ክፍል ውስጥ የሚጠበቀው የአየር ግፊትም ብዙውን ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ግፊት ጋር ይመጣጠናል፤ ደገኛው መንገደኛ አየር ላይ ሆኖም በቤቱ ከፍታ እንደተቀመጠ ያህል ነው ማለት ይቻላል። ጆሮ የሚፈተነው ከቦሌ ተሻግሮ እንደ ዱባይና ጂዳ ባሉ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ሲታረፍ ነው፤ በዚያን ጊዜ በክፍሉ ውስጥ ያለው ግፊት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከደጋው መጠን እስከ ባሕር ጠለል መጠን ይጨምራል። ከጆሮ ወደ ጉሮሮ የሚወስደው ቀጭን ቱቦ የሚከፈተው በመዋጥና በማዛጋት ስለሆነ፣ አውሮፕላኑ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር ማስቲካ ማኘክ ወይም ውኃ በትንሽ በትንሹ መጎንጨት ይረዳል። ሕፃን ልጅ ከሆነ ጡት ማጥባት ወይም ጡጦ መስጠት ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ የተኛን ሰውም መውረድ ሲጀመር መቀስቀስ ነው። ከባድ ጉንፋን የያዘው መንገደኛ ግን ቱቦው ስለሚደፈንበት ከመነሳቱ በፊት ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ቢያማክር ይመረጣል።

ከ4 ሰዓት በላይ በሚቆይ በረራ ላይ ሌሎች ነገሮች ይጨመራሉ። ረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ በእግር ውስጥ የደም መርጋት አደጋን ስለሚጨምር፣ በየጊዜው ተነስቶ መራመድ፣ በወንበር ላይ ሆኖም ቁርጭምጭሚትን ማዟዟርና ባትን ማወጣጠር ተገቢ ነው። እግር ስለሚያብጥም ጫማው ላላ ያለ፣ በፍተሻ ጊዜም በቀላሉ የሚወልቅ ይሁን። የክፍሉ አየር በጣም ደረቅ በመሆኑ ውኃ ማዘውተር ይገባል። ሽምብራ፣ ባቄላና ለስላሳ መጠጥ በሆድ ውስጥ አየር ስለሚያበዙ ከበረራው በፊት ባለው ምግብ ላይ ቢቀነሱ ይሻላል፤ በጾም ወራት ይህ ምክር ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ቢሆንም ድንችና ሩዝ አሉ። ጾመኛ የሆነ መንገደኛ በረጅም በረራ ላይ የእንስሳት ተዋጽኦ የሌለበት ምግብ እንዲቀርብለት ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ማዘዝ ይኖርበታል።

ከሐይቁ ዳር ምን ይገዛል

ማስታወሻ ሊሆን የሚገባው ዕቃ በሌላ ቦታ የማይገኝ፣ የሠራው ሰው የሚታወቅና በእጅ ሊያዝ የሚችል ነው። በዚህ መለኪያ ከሄድን «ጣና» ተብሎ የታተመበት የፋብሪካ ካኔቴራና ኩባያ ከመጀመሪያው ይወድቃሉ፤ የትም ሊታተሙ ይችላሉና።

የደንገል ታንኳ ግን የሐይቁ ነው። ደንገሉ ከዳርቻው ታጭዶ፣ ደርቆና ታስሮ የሚሠራ ሲሆን፣ በዚህ ሙያ ለረጅም ዘመን የሚታወቁት በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። ለማስታወሻ የሚሆነውን ትንሹን ታንኳ በተቻለ መጠን ከሠሪው እጅ መግዛት ይገባል፤ ገንዘቡ ለባለሙያው ይደርሳል፣ ስለ አሠራሩም መጠየቅ ይቻላል። ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ደንገሉ ከታጨደ ስንት ጊዜ እንደሆነው ነው። በደንብ የደረቀ ደንገል ቀላልና ገለባማ ቀለም ያለው ሲሆን ሲነካ ይንኮሻኮሻል፤ አረንጓዴነት ያልለቀቀውና ሲጨብጡት የሚቀዘቅዘው ግን በፕላስቲክ ታሽጎ ሻንጣ ውስጥ ሲገባ ይሻግታል። ርዝመቱ ከእጅ ቦርሳዎ የማይበልጠውን ይምረጡ። ቶሎ የሚሰበረው ወደ ላይ የተቀለበሰው አፍንጫው ስለሆነ፣ ከሥሩ ካልሲ ወይም ጨርቅ ደግፎ በጋዜጣ መጠቅለል ያስፈልጋል፤ ፕላስቲክ አያስፈልገውም።

የስፌት ዕቃ ለተጓዥ እጅግ የሚመች ነው። ሰፌድ ጠፍጣፋ በመሆኑ ከሻንጣው ግርጌ ይነጠፋል። ክዳን ያለው ሙዳይ ደግሞ ራሱ ማሸጊያ ይሆናል፤ ሁለት ሲኒ በጨርቅ ተጠቅልሎ በውስጡ ቢቀመጥ ከየትኛውም ካርቶን የተሻለ ይጠበቃል። መሶብ የሚያምር ቢሆንም ለአውሮፕላን አይሆንም፤ የግድ ካስፈለገ በመኪና ለሚመለስ ዘመድ አደራ መስጠት ነው። ጥራቱን ለመለየት የስፌቱን ዙሮች በጣት ገፋ አድርጎ ማየት ይበቃል፤ በስንደዶና በአክርማ በጥብቅ የተሰፋ ዕቃ በዙሮቹ መካከል ክፍተት አያሳይም። በአለላ፣ ማለትም ቀለም በገባ አክርማ፣ ያጌጠ ከሆነ ሻጯን አስፈቅዶ በረጠበ ጣት ወይም በነጭ መሐረብ ጠርዙን ቀስ ብሎ መጥረግ ቀለሙ የሚለቅ መሆኑን ያሳያል። የሚለቅ ቀለም ያለው ሙዳይ ነጭ ነጠላ ካለበት ሻንጣ ውስጥ አይገባም።

ነጠላና ጋቢ ሲገዙ ዋናው ነገር ማጉ ነው። በእጅ የተፈተለ ማግ ውፍረቱ እዚህም እዚያም ትንሽ ይለያያል፣ ሲነካም ይለሰልሳል፤ ጥለቱን ደግሞ በጀርባው በኩል ገልብጦ ማየት የሸማኔውን ጥንቃቄ ይናገራል። ጋቢ ከተገዛ በሻንጣ ተቆልፎ መሄድ የለበትም። የአውሮፕላን ክፍል ስለሚቀዘቅዝ ደርበውት ቢቀመጡ ይሞቃሉ፣ ሻንጣውም ይቀልላል።

ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ የሚሻገር ሰው እነ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያምን ያያል፤ በደን ጥላ ሥር የበቀለ የዘጌ ቡናም ያገኛል። ቡናው ተቆልቶ ሳይፈጭ አየር በማያስገባ መያዣ ቢታሸግ መዓዛው ይቆያል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት ስለሆኑ ከቤተሰብ ጋር የሚጓዝ ሰው መርሐ ግብሩን ሲያወጣ ይህን ማሰብ አለበት። በአብያተ ክርስቲያናቱ ውስጥ ፎቶ ማንሳት የሚቻለው በፈቃድ ነው፤ ቢፈቀድም ለሥዕሎቹ ቀለም ሲባል ፍላሽ መጥፋት ይኖርበታል።

በብራና ላይ የተሣለ ሥዕል የሚገዛ ሰው ብራናውን ወደ ብርሃን አንስቶ ይየው። እውነተኛ ቆዳ ውፍረቱ ወጥ አይሆንም፣ የፀጉር ቀዳዳዎችና የደም ሥር መስመሮችም ይታዩበታል። አዲስ የተሣለ ሥዕል ለመግዛት ምንም ችግር የለም፤ ችግሩ ያለው «ጥንታዊ ነው፣ ከገዳም የወጣ ነው» ተብሎ በጆሮ ሹክ በሚባለው ላይ ነው። ሻጩ እውነቱን ከሆነ ድርጊቱ ወንጀል ነው፣ ውሸቱን ከሆነ ደግሞ ማጭበርበር ነው፤ በሁለቱም በኩል የሚገዛበት ምክንያት የለም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ አሮጌ ብራና፣ መስቀልና ሥዕለ አድኅኖ በቦሌ ፍተሻ ላይ ይያዛሉ። ሆን ተብሎ አሮጌ እንዲመስል በጭስ የተቀባ አዲስ ዕቃም ፈታሹን ማጠራጠሩ ስለማይቀር፣ ሲገዙ የዕቃውን ዓይነትና አዲስ መሆኑን የሚገልጽ ደረሰኝ ይጠይቁ።

ድንጋይ፣ የወፍ ላባ፣ ችግኝና ዘር ከዳርቻው ለቅሞ መሄድም አይገባም። ጣናና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበ ከመሆኑም በላይ፣ ብዙ አገሮች ያልተመረመረ ዕፅዋት በድንበራቸው አያስገቡም። የሐይቁን ዓሣ፣ ቆሮሶውንና አምባዛውን፣ በተመለከተ እዚያው ሐይቁ ዳር በልቶ መምጣት ከሁሉ ይሻላል።

ማር፣ ጠበል፣ ቅቤ

ከባሕር ዳር ማር ሳይይዝ የሚመለስ ጥቂት ነው፤ ሻንጣ የሚያበላሸውም ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። 1 ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን፣ ሦስት ሊትር የያዘ ሰው ከአራት ኪሎ በላይ ጭኗል። በዓለም አቀፍ በረራ ማር በፍተሻ ላይ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል፤ በእጅ ሻንጣ የሚፈቀደው በአንድ መያዣ እስከ 100 ሚሊ ሊትር ብቻ በመሆኑ የሚቀመጠው በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ነው። ጠበልም እንደዚሁ ነው፤ ፈታሹ የሚያየው የፈሳሹን መጠን እንጂ የተቀዳበትን ገዳም አይደለም። ከባሕር ዳር ሲነሱ በእጅ የያዙት ፈሳሽ ባይከለከል እንኳ፣ ወደ ውጭ ለመሻገር በቦሌ እንደገና መፈተሽ እንዳለ መርሳት የለብዎትም። ማሩ ሲታሸግ መያዣው እስከ አፉ አይሞላ፣ ክዳኑ በፕላስተር ይታሰር፣ በሁለት ፌስታል ተደርቦ በልብስ መሐል ይቀመጥ እንጂ ከሻንጣው ጠርዝ አይጠጋ። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚሄድ ሰው ቅቤና ሥጋ ነክ ምግብ ባይዝ ይሻላል፤ ከኅብረቱ ውጭ የሚመጣ ወተትና ሥጋ ነክ ነገር በመንገደኛ ሻንጣ እንዲገባ ስለማይፈቀድ የእናት ቅቤ እዚያ ደርሶ ይወረሳል።

ከዚህ በተቃራኒ የኃይል ማጠራቀሚያ ባትሪ፣ ማለትም ፓወር ባንክ፣ ከእሳት አደጋ የተነሳ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ መግባት የለበትም። ከእጅ ሻንጣ ጋር ይያዛል፤ መጠኑም ከ100 ዋት ሰዓት ማለፍ የለበትም፣ ይህም በተለመደው አጻጻፍ 27,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ገደማ ነው።

ተያያዥ በረራ ያለው መንገደኛ በባሕር ዳር ሻንጣው ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ማንበብ አለበት። ቢ.ጄ.አር (BJR) የባሕር ዳር፣ ኤ.ዲ.ዲ (ADD) ደግሞ የአዲስ አበባ መለያ ፊደላት ናቸው፤ መድረሻው ኤ.ዲ.ዲ ብቻ ከሆነ ሻንጣውን ቦሌ ላይ ተቀብሎ እንደገና ማስመዝገብ የመንገደኛው ሥራ ነው።

ወረቀቱና ማኅደሩ

ክብደት የሌለው ማስታወሻ ወረቀት ነው፤ እኔ በበኩሌ ከሁሉ አስበልጬ የምወደውም እርሱን ነው። በባሕር ዳር ፖስታ ቤት ቴምብር ገዝቶ፣ ለራስ አድራሻ በተጻፈ ካርድ ላይ ለጥፎ፣ ሠራተኛውን ማኅተሙ ጎልቶ እንዲመታ በትሕትና ጠይቆ መላክ በአነስተኛ ገንዘብ ቀንና ቦታ ያለው ሰነድ ያስገኛል። የመሳፈሪያ ወረቀትም ይቀመጣል፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚታተመው በሙቀት በሚሠራ ወረቀት ላይ ስለሆነ ጽሑፉ በፀሐይና በሙቀት ይደበዝዛል። በተሳፈሩበት ቀን ፎቶ አንስቶ፣ ወረቀቱን በወረቀት ፖስታ ውስጥ ጨለማ ቦታ ማኖር ይገባል። በላዩ ያለው የመስመር ወይም የነጥብ ኮድ ስምዎንና የቦታ መያዣ ቁጥርዎን ስለሚይዝ፣ ጉዞው ሳያልቅ በማኅበራዊ ገጽ ላይ መለጠፍ ሌላ ሰው ቲኬትዎን እንዲነካካ መንገድ መክፈት ነው። ከአውሮፕላኑ ውስጥ ለማስታወሻ የሚወሰደው በወንበሩ ኪስ ያለው የወረቀት ከረጢት ብቻ ይሁን፤ የደኅንነት መመሪያው ካርድና ከወንበር ሥር ያለው የሕይወት አድን ጃኬት ለሚቀጥለው መንገደኛ የሚያስፈልጉ ናቸው።

ለእያንዳንዱ ዕቃ በገዙበት ቀን ማታ ትንሽ ካርድ ይጻፉለት፦ የሠራው ሰው ስም፣ ፈቃደኛ ከሆነ፤ የተገዛበት ቦታ፤ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፤ ዋጋው፤ ሠሪው ስለ ሥራው የተናገረው አንድ ነገር። በእርሳስ ቢጻፍ አይለቅም። ካርዱ ከዕቃው ጋር በክር ይታሰር እንጂ በሙጫ አይለጠፍ፤ በዕቃው ላይም አይጻፍ።

ቤት ሲደርሱ የደንገልና የስፌት ዕቃ ለብቻው ይቆይ። ነቀዝ ወይም ትንንሽ ቀዳዳ ከታየበት፣ በፌስታል በደንብ ታሽጎ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪና ከዚያ በታች በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ ለሁለት ሳምንት ያህል ቢቀመጥ ተባዩ ይሞታል። ሲወጣም ፌስታሉ ሳይከፈት እስከ ማግሥቱ ይቆይ፤ አለበለዚያ ጤዛ ዕቃውን ያረጥበዋል። ብራና ግን ፍሪዘር አይገባም። እርጥበትና ድርቀት ሲፈራረቁበት ስለሚጨማደድ፣ ፀሐይ በማይመታው ግድግዳ ላይ፣ መስታወቱ ቀለሙን እንዳይነካ በካርቶን ጠርዝ ከፍ ብሎ በክፈፍ ይሰቀላል፤ በመጓጓዣም ጊዜ በካርቶን ቱቦ ይጠቀለላል እንጂ አይታጠፍም።